የባልሳ አውሮፕላኔ ግራ ክንፍ አስቸገረኝ

እህቴ ከአሜሪካ ያመጣችልኝን የፓይፐር ካብ (የትንሽ አውሮፕላን ዓይነት) ሞዴል ባልሳ ከሚባለው በጣም ቀላል እንጨት መሥራት ከጀመርሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚበር፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሴንቲሜትር የሆነ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ያምራል፤ ውስጡ ግን ጉድ ነው። ክፍሎቹን የቆረጠው ስለት ደንዝዞ ነው መሰለኝ እንጨቱን ጨፍልቆታል። በምላጭ እየፈለቀቅሁ ሳወጣቸው ሁለቱ ተሰበሩብኝ፤ በሙጫ ጠገንኋቸው።

ይህስ ይሁን። የጨነቀኝ የግራ ክንፍ ነው። የጎድን አጥንት የሚመስሉትን ክፍሎች ፕላኑ ላይ ሳስቀምጣቸው 3 ሚሊሜትር ያጥራሉ፤ የቀኞቹ ልክ ናቸው። ዋናው ዘንግ የሚገባበት ጎድጎድ ቦታውን ስላልሳተ ያጠሩት ከኋላ በኩል ነው። በዚያ ላይ የግራው እንጨት ጠጣር ነው፤ በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው ከቀኙ 4 ግራም በለጠ። ይህን በሚያህል ቀላል አውሮፕላን ላይ 4 ግራም ወደ ጎን ለማጋደል ይበቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ባልሳ ፈልጌ አላገኘሁም። ከኋላ ቀጭን ቁራጭ ልቀጥልባቸው? ክብደቱ ግን ይብሳል። ወይስ የቀኞቹን በብርጭቆ ወረቀት ቀንሼ ላመሳስላቸው? አንዱን የቀኝ ክፍል ልኬት አድርጌ ከስስ ፎም አዲስ ብቆርጥስ፣ የሽፋን ወረቀቱን ውጥረት ይችላል? ወረቀቱን ገና አልለጠፍሁም። የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።