የበጋው ብርድ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር፦ ትንበያውን ወደ ማሳ እንዴት እናውርደው?

ዘንዘልማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በበጋው የአየር ጠባይ ትንበያ ላይ ለሰሜን ምዕራቡ የአገራችን ክፍል «ሌሊቶቹ ከመደበኛው የመቀዝቀዝ ዕድል አላቸው» ሲባል ለጣና ዳር አምራች በተግባር ምን ማለት ነው? ሁለት ማሳ አለኝ። አንዱ ዘንዘልማ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ተዳፋት ላይ ነው። ሌላው ወደ ሐሙሲት መውጫ ረባዳ ቦታ ላይ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ለማዛወር ችግኝ አፍልቻለሁ፤ ሩዝ ደግሞ ገና አልታጨደም።
ማወቅ የምፈልገው፦ እኛ ዘንድ ውርጭ ይወርዳል ወይ? ብርዱ የሚበረታው መቼ ነው? ስልኬ ላይ የማየው የሌሊት ሙቀት ማሳዬ ላይ ካለው ጋር ለምን አይገጥምም? ባጨዳ ሰዓት ዝናብ ቢመጣስ? ሥራውን የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ።

የሰማይ ገበታ፦
ከትንበያው አነባበብ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት በጋ የሚለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ነው፤ በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር በጋ የሚገባው ታኅሣሥ 26 ስለሆነ ሁለቱን አታምታቷቸው። የወቅት ትንበያ ሦስት ሳጥን አለው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም መረጃ ባይኖር እያንዳንዱ 33 በመቶ ነው። ስለዚህ 45፣ 35፣ 20 የሚል ብታይ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ ማለት እንጂ «በእርግጠኝነት ይቀዘቅዛል» ማለት አይደለም። ስንት ዲግሪ እንደሚቀዘቅዝም አይነግርህም። ለሰፊ አካባቢ የተሠራ የአራት ወር አማካይ ነው፤ የአንዲት ሌሊት ውርጭ እዚያ ውስጥ አይታይም።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ 8 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀኑ ደግሞ 26 ወይም 27 ነው። «ከመደበኛው የቀዘቀዘ» ቢሆን እንኳ አማካዩ አንድ ሁለት ዲግሪ ይወርዳል እንጂ ከተማዋ ደብረ ታቦር አትሆንም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ እኛ ዘንድ 7 ሲሆን እዚያ 1 ገደማ ይሆናል። መሬቱና ሣሩ ላይ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የጉናና የጮቄ አፋፎችማ ሌላ ዓለም ናቸው።

ብርዱን የሚያመጣው ምንድን ነው? በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው አየር ደረቅ ነው፤ ደመናውን ይጠርገዋል። መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፣ የሚመልሰው ደመናም እንፋሎትም የለም። ስለዚህ የምትፈራው ሌሊት ሦስት ነገር የተገጣጠመበት ነው፦ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ የቆመ፣ አየሩ የደረቀ። ሙቀቱ መጨረሻ የሚወርደው ከንጋቱ 11 ሰዓት አንስቶ ፀሐይ እስክትወጣ ባለው ጊዜ ነው። ደመና ከገባ ወይም ነፋስ ከተነሳ ወቅቱ ጥር ቢሆንም ያን ያህል አያሰጋም።

ሐይቁ ይረዳል፤ የሚረዳበትን መንገድ ግን በትክክል እንወቀው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 9 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። ውሃው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፣ በዳርቻው ያለውን አየርም እርጥብ ያደርገዋል። ሆኖም ሌሊት ነፋሱ የሚነፍሰው ከየብስ ወደ ሐይቁ ነው፤ ቀን ደግሞ ከሐይቁ ወደ የብስ። ስለዚህ የሐይቁ ሙቀት ሌሊት ገፍቶ ወደ መሐል አገር አይገባም። ከዳርቻው ራቅ ያለ ማሳ በሐይቁ ቸርነት ተማምኖ አይተኛም።

ስልክህ የማይገጥመውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም አቀፍ ትንበያ ሞዴሎች ምድርን በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይከፍሏታል። የእያንዳንዱ ጎን ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጣና ዳር አንዱ ቁራጭ ግማሹ ውሃ ግማሹ መሬት ሲሆን የሚወጣው ቁጥር የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ሌሊቱን ከእውነቱ ያሞቀዋል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ላለ አየር ነው። በጠራ ሌሊት ሰማይ የሚያየው ቅጠል ከዚያ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስልኩ 4 ሲል ቅጠሉ ዜሮ ላይ ነው ብለህ ተዘጋጅ።

ማታ ላይ ራስህ ልትገምት የምትችልበት መንገድ አለ። ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትር ውሰድ። የአንዱን አምፖል (የታችኛውን ጫፍ) በረጠበ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥላ ውስጥ ሆነህ ለ3 ደቂቃ ያህል አራግብላቸውና አንብብ። በእኛ ከፍታ ደረቁ 18 እርጥቡ 12 ካሳዩ አየሩ ጤዛ የሚጥልበት ሙቀት 8 ገደማ ነው። ደረቁ 18 ሆኖ እርጥቡ 9 ከሆነ ግን 1 ገደማ ነው። ጤዛ ሲወርድ ሙቀት ስለሚለቅ የሌሊቱ ሙቀት ከዚያ ነጥብ ብዙም አያልፍም። በመጀመሪያው ሌሊት ተኝተህ እደር፤ በሁለተኛው ግን ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ከቆመ መከላከያህን አዘጋጅ።

ስለ ኤልኒኖም (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከመደበኛው በላይ ስለሚሞቅበት ክስተት) አንድ ነገር ልጨምር። ኤልኒኖ በሰሜኑ ክፍል በይበልጥ የሚጎዳው ክረምቱን ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው። በበጋ ወራት ተጽዕኖው የሚጎላው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ዝናብ ላይ ነው። «ኤልኒኖ ነውና ባሕር ዳር ይበርዳል» የሚል ድምዳሜ አትያዙ።

ችግኝ ጣቢያ፦
ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ወደ ማሳው ልውረድ።

ወንድሜ፣ ከሁለቱ ማሳህ የሚያሰጋው የሐሙሲቱ ረባዳ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ቁልቁል ይፈስና ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይተኛል፤ ተዳፋቱ ላይ ያለው የዘንዘልማ ማሳህ ወደ ታች ያፈስሰዋል። ረባዳው በታች በኩል በጥቅጥቅ አጥር ወይም በከፍተኛ ካብ ከተዘጋ ብርዱ መውጫ ያጣል። በታችኛው ጫፍ የአጥሩን ሥር ሁለት ሦስት ሜትር ያህል ክፈትለት። በላይኛው በኩል ያለውን አጥር ግን አትንካው፤ የሚመጣውን ያዞርልሃል።

ሽንኩርቱን የሚጎዳው ውርጭ አይደለም። የሽንኩርት አደጋ ያለጊዜው የአበባ ዘንግ ማውጣቱ ነው። ግንዱ ከእርሳስ ከወፈረ በኋላ ለሳምንታት ከ5 እስከ 12 ዲግሪ ያለ ብርድ ሲደጋገምበት ተክሉ «ዘር ልስጥ» ይላል፣ የሽንኩርቱ ራስ ሳያድግ ይቀራል፣ መሐሉም እንጨት ይሆናል። ያንኑ ብርድ ቀጭን ችግኝ ሲያገኘው አበባ አያስይዘውም። ስለዚህ ከ45 እስከ 50 ቀን ዕድሜ ያለው፣ 3 ወይም 4 ቅጠል ያወጣ፣ 12–15 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ችግኝ ብቻ አዛውር። ውሃ እስኪገኝ እየተባለ መደብ ላይ 70 ቀን የቆየ ችግኝ በታኅሣሥና በጥር ብርድ የሚወጋው ወፍሮ ነው። ርቀቱ 40 በ20 በ10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፦ በቦዩ 40፣ በመስመሮቹ መካከል 20፣ በተክሎቹ መካከል 10። ናይትሮጅን የጎደለው ተክልም ለአበባ ይቸኩላል። የመጀመሪያውን ዩሪያ ማዘግየት ለዚህ በር መክፈት ነው።

ቲማቲም የሚፈራው ሌላ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ዱቄት ይደክማል፣ አበባው ይረግፋል። ቀኑ 26 ስለሚደርስ ፍሬ መያዙ ጨርሶ አይቆምም፤ ይቀንሳል፣ የተያዘውም ቅርጹ ይበላሻል። አበባው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ካለው ጊዜ እንዳይገጥም የማዛወሪያ ቀንህን አስላ። ከተዛወረ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ያብባል፤ በዚህ ስሌት በኅዳር አጋማሽ ማዛወር ብርዱ መሐል መግባት ነው። በጥር መግቢያ ብታዛውር አበባው የካቲት ውስጥ ይወድቃል፤ ሌሊቱ ገና ባይሞቅም መንገዱ ወደ ሙቀት ነው።

አሳሳቢው ሌሊት ሲመጣ የሚሠራውንና የማይሠራውን ልለይ፦

ውሃ ይሠራል። እርጥብ አፈር ቀን ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊት ይለቃል። ሆኖም ውሃውን በዋዜማው እስከ ረፋድ አጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንድታሞቀው። ላዩን 20 ሴንቲ ሜትር ማርጠብ ይበቃል። ማታ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ውሃው ተኝቶ ሥር ያፍናል።

በመስመሮቹ መካከል ጭድ መንጠፍ ለእርጥበት ጥሩ ነው፣ ለብርድ ሌሊት ግን ጠላት ነው። ጭዱ የአፈሩን ሙቀት ከታች አፍኖ ይይዘዋል፤ ቅጠሉ ከላይ ብቻውን ይቀራል። ገላጣ፣ የተጠቀጠቀና የረጠበ መሬት ይሻላል። ብርዱ እስኪያልፍ ጭዱን ወደ ዳር ሰብስበው።

የችግኝ መደብ ላይ ከ40–50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቋሚና አግዳሚ ሠርተህ በሣር አልብሰው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አልብስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግለጥ። ቀኑን ሙሉ ተሸፍኖ የሚውል ችግኝ ይመዘዛል፣ ይበሰብሳል። ላስቲክ ከተጠቀምክ ቅጠሉን እንዳይነካ፤ ላስቲኩን የነካ ቅጠል ነው መጀመሪያ የሚቃጠለው።

ጭስ ማጨስን ብዙ ሰው ያምናል። ጭስ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት አይመልስም፤ ቅንጣቱ ለዚያ በጣም ደቃቅ ነው። ጥቂት የሚረዳው እሳቱ ራሱ ነው፣ እሱም ተበታትኖ በብዙ ቦታ ከነደደ። እርጥብ ቅጠል እያጨሱ ማደር ማገዶና እንቅልፍ ማባከን ነው።

አንድ ቴርሞሜትር ረባዳው ላይ፣ አንድ ተዳፋቱ ላይ፣ ሁለቱንም በተክሉ ቁመት ስቀልና ንጋት ላይ መዝግብ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በየዓመቱ አብሮህ ይኖራል፤ ከማንኛውም ትንበያ በላይ የሚጠቅምህ ቁጥር እሱ ነው።

ፎገራ ሜዳ፦
የሩዙን እኔ ልመልስ። በጥቅምትና በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሜዲትራኒያን አካባቢ በላይኛው አየር የሚወርድ ቀዝቃዛ ሞገድ ወደ ደቡብ ሲዘልቅና ከታች እርጥብ አየር ሲስብ ነው። ይህ በወቅት ትንበያ አይታይም። በአሥር ቀን ትንበያ ፍንጩ ይታያል፤ ከሦስት ቀን በታች ባለው ትንበያ ግን ጥሩ አድርጎ ይለያል። ስለዚህ የአጨዳ ውሳኔህን በወር ሳይሆን በሦስት ቀን ለካ።

ውሃውን ከማሳው ከሁለት ሳምንት በፊት አውጣ። ከ80–85 በመቶው ፍሬ ገለባ መልክ ሲይዝ እጨድ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቆሞ የቆየ ሩዝ ዝናብ ሲነካው ይተኛል፣ ይበቅላል። ከሁሉ የከፋው ግን ዓይን የማያየው ነው፦ ደርቆ እንደገና የረጠበ ፍሬ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ስብርባሪ ይሆናል፣ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ታጭዶ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሩዝ ዝናብ ከሚያገኘው፣ ያልታጨደው ሁለት ቀን ቢቆይ ይሻላል። የታጨደውን ወዲያው ከምር፦ ሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በድንጋይና በእንጨት ከፍ ይበል፣ ዛላው ወደ ውስጥ ይሁን፣ አናቱ ሾጠጥ ይበል። ከተወቃ በኋላ ሸራ ላይ ስስ አድርገህ እያገላበጥክ አድርቅ። ጎተራ የሚገባው እርጥበቱ 14 በመቶ ሲደርስ ነው፣ ለዘር ከሆነ 12።

ከሩዙ በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ለሚዘራ፣ ያው ዝናብ በረከት ነው።

ዘንዘልማ፦
እግዜር ይስጥልኝ፤ ጋሼ የሰማይ ገበታ በተለይ። አንድ ነገር ብቻ፦ የሽንኩርት ችግኜ 60 ቀን አልፎታል፣ ውፍረቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ልጣለው?

ችግኝ ጣቢያ፦
አትጣለው፣ ለየው። ከእርሳስ የቀጠነውን፣ ማለት ከ6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን፣ ዘንዘልማ ተዳፋቱ ላይ ትከል። የወፈረውን ለብቻው በአንድ ጥግ ተክለህ በቅጠሉ ለገበያ አውጣው፤ ራስ እስኪያወጣ አትጠብቀው። ረባዳው ላይ ሽንኩርት ከፈለግህ ዛሬ አዲስ ዘር መደብ ላይ ዝራ፤ በ45 ቀኑ ሲደርስ ያኔ ታዛውረዋለህ።