የሰርጉን ቪዲዮ ልላክ ወይስ የሸማኔውን?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በዚህ መንገድ ያለፈ ካለ እባካችሁ እርዱኝ።

ዶክኖማድስ ለሚባለው የዶክመንተሪ ዳይሬክቲንግ ማስተርስ ላመለክት ነው። ሁለት ዓመት ነው፤ ሊዝበን፣ ቡዳፔስትና ብራሰልስ እየተዘዋወሩ ይማሩታል። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ከተገኘ በወር 1,400 ዩሮ አለው። ፕራግ ያለውን ፋሙ የሚባለውን የፊልም ትምህርት ቤትም አይቼው ነበር። በቼክኛ ለሚማር ነፃ ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን ያስከፍላል። እኔ ቼክኛ አልችልም፣ ገንዘቡም የለኝም።

የጨነቀኝ ከማመልከቻው ጋር የምልከው የሥራ ናሙና ነው። አምስት ዓመት ሰርግ ቀርጫለሁ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ታሪኩ ግን የኔ አይደለም። ሌላው ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ አንድ ሸማኔ ጎረቤቴን በስልክ የቀረጽኩት 22 ደቂቃ ነው። የመወርወሪያው ድምፅ አንዳንዴ ንግግራቸውን ይውጠዋል። ደግሞ ዝም ብለው ክሩን የሚቀጥሉበት ቦታ አለ፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ይህን ቆርጬ ማሳጠር አልቻልኩም፣ እጄ እምቢ አለኝ።

የቱን ልላክ? ለድምፁ የግርጌ ጽሑፍ ይበቃል? ዲግሪዬ አካውንቲንግ መሆኑስ ይጎዳኛል? የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ የፊልም መምህር የለኝም፤ ሸማኔው ራሳቸው ቢጽፉልኝ ይቆጠራል?