ጥቆማ፦ ቁልፍ ሲጫኑት ለሚበራ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ዕቃው ከደሴ ወይስ ከመርካቶ?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦
ታናሽ እህቴ ለትምህርት ቤት በአርዱይኖ (በፕሮግራም በሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ቁልፍ ሲጫኑት ኤልኢዲ የሚያበራ ሥራ ልትሠራ ነው። ቦርዱና ዕቃው አብሮ የታሸገበትን ሙሉ ሳጥን ከመርካቶ በአውቶቡስ ላስልክ ወይስ ደሴ ወጥቼ ለቃቅሜ ላሟላላት?

መልስ፣ ደሴ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ለዚህ ሥራ ሙሉ ሳጥን ገንዘብ መበተን ነው። ከመርካቶ ቦርዱን፣ ብሬድቦርዱን (ዕቃ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) እና ማገናኛውን ጃምፐር ሽቦ ብቻ አስልክ። የቀረውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ፈልግ። ባለ አራት እግሯን ትንሽ ቁልፍ ከተበላሸ ቴሌቪዥን ሰሌዳ ላይ ነቅሎ ይሰጥሃል። ሒሳብ ሳትከፍል በመልቲሜትር አስፈትሻት። በሰያፍ ያሉት ሁለት እግሮች ሲነኩ መልቲሜትሩ መጮኽ ያለበት ቁልፏ ስትጫን ብቻ ነው። ሳትጫን ከጮኸ ወይም ተጭናም ከተቆራረጠ ሌላ ያምጣልህ።

ሬዚስተሩ (ኤሌክትሪኩን የሚገድበው ዕቃ) 220 ኦም ይሁን፤ ቀለሙ ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ ነው። ቀይ ኤልኢዲ ከቦርዱ 5 ቮልት 2 ያህሉን ስለሚወስድ 14 ሚሊአምፒር ገደማ ያልፋል። ከጠፋ 330ም ይሆናል፤ 1 ኪሎ ኦም እንኳ ፈዘዝ አድርጎ ያበራል። ያለ ሬዚስተር ግን እንዳትሞክረው።

መልስ፣ ወልዲያ፦
በቁልፉ ነገር እስማማለሁ። ቦርድ ስትመርጥ ግን «ዋይፋይ አለው» ብለው ኢኤስፒ32 የተባለ ሌላ ቦርድ ቢያቀርቡልህ ለአሁኑ ይቅር። ጥሩ ቦርድ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው፣ ከ34 እስከ 39 ያሉት እግሮቹም የውስጥ ፑልአፕ (ቁልፉ ሳይጫን ንባቡን 1 ላይ የሚይዝ ሬዚስተር) የላቸውም። ቁልፏን እዚያ ከሰካችው መብራቱ እንዳሻው እየበራና እየጠፋ ያበሳጫታል። ኡኖ የተባለው የአርዱይኖ ቦርድ ይሻላታል፤ ርካሹ ቅጂም ይበቃል። ብዙዎቹ ቅጂዎች ሲኤች340 የተባለ ቺፕ አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ቦርዱን ካላወቀው ድራይቨሩን ጫኑለት። የተለመደው ኡኖ የፕሪንተር ገመድ ስለሚወስድ ቤት ካለ ሌላ አትግዛ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንዴ ተጭና ሁለት ጊዜ ቢቆጥርባትስ፣ ቁልፉን ልመልሰው?

መልስ፣ ደሴ፦
አትመልሰው። አዲስ ቁልፍም ሲጫን ውስጡ ያለው ብረት ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል። ፕሮግራሙ 50 ሚሊሰከንድ ያህል ታግሦ እንደገና ያንብብ። የቁልፏን አንድ እግር ከቦርዱ 2 ቁጥር እግር፣ በሰያፍ ያለውን ከግራውንድ (GND ከሚለው እግር) አገናኝታ የቦርዱን የውስጥ ፑልአፕ ትጠቀም፤ ለቁልፏ ሌላ ሬዚስተር አትገዛም። ያን ጊዜ ሲጫን 0፣ ሲለቀቅ 1 ይነበባል፤ መገልበጡን አስቀድመህ ንገራት።