ጥምቀትን ከትንሽ ልጅ ጋር የት እንዋል? ጃንሜዳ፣ ጎንደር ወይስ ሰፈር

ትንሽ ልጅ ይዘን ጥምቀትን የት ብንውል ይሻላል ለምትሉ ይሄ የኔ ጥቆማ ነው። ልጃችን አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ሦስቱንም ቦታ ይዘናት ሄደናል። መልሴ አጭር ነው። ከቦታው በፊት ቀኑን ምረጡ። ጃንሜዳ ከሆነ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት ሲገባ ሂዱ።

ጃንሜዳ ጥር 11 ጠዋት ለትልቅ ሰው ልዩ ነው። ለልጅ ግን ከባድ ነው። ብርዱ አለ፣ ግፊያው አለ፣ ድምፅ ማጉያው አለ፣ እሷ ደግሞ ከታች ሆና የምታየው የሰው እግር ብቻ ነው። በማግስቱ ይለያል። አብዛኞቹ ታቦታት ጥር 11 ስለሚገቡ የሚቀረው ሚካኤል ነው፤ ሕዝቡ ብዙ ቢሆንም ጥግ ይዞ መቆም፣ ሲደክማችሁም ወጣ ማለት ይቻላል። ልጄ ያን ቀን ዓይኗን ያልነቀለችው ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ወጣቶች ላይ ነው። ታቦቱ ያለፈበትን ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ ሮጠው ከፊት ያነጥፉታል፣ ደግሞ ይጠቀልሉታል። ቤት ገብታ ሳምንቱን ሙሉ በፎጣ ስትጫወተው ነበር።

ጎንደር ያምራል፣ በጣም ያምራል። የፋሲል ባሕረ ጥምቀት፣ አጥሩ ላይ የተጠማጠሙት የዛፍ ሥሮች፣ ውሃው ሲባረክ ዘለው የሚገቡት ወጣቶች፣ ይሄ ሌላ ቦታ አይገኝም። ግን የሁለት ዓመት ልጅ ይዤ ዳግመኛ አልሄድም። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በአውሮፕላን ካልሆነ አትሞክሩት። አልጋ ቀድማችሁ ያዙ፣ የበዓል ሰሞን ዋጋው ይወጣል። ለተመልካች የሚሠራው የእንጨት ርብራብ ላይ ደግሞ ልጅ ይዛችሁ አትውጡ፣ መውረጃ ስትፈልጉ አታገኙም። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላት እንመለሳለን።

ሰፈራችሁ አቅራቢያ ባሕረ ጥምቀት ካለ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው እሱን ነው። ከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ታቦቱን መንገድ ላይ ተቀብላችሁ፣ ትንሽ አጅባችሁ፣ ልጅ ሳይነጫነጭ ቤት መግባት ትችላላችሁ።

የልጅ ጋሪ አትውሰዱ። እኛ ወስደን ግማሹን መንገድ አባቷ ጋሪውን፣ እኔ እሷን ተሸክመን ነው የተመለስነው። ደረት ላይ የሚታሰረው የፈረንጅ ማዘያ እስከ ዓመት ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወገብ ይቆርጣል። ለከፍ ያለ ልጅ የእናቶቻችን አንቀልባ ወይም ጠንካራ ነጠላ ይበልጣል። ጀርባ ላይ ሆና በትከሻዬ አሻግራ ታያለች፣ ሲደክማት እዚያው ትተኛለች።

ልብስ ከሽሮ ሜዳ ግዙ፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት። ጥልፉ ከውስጥ በኩል ገበር ከሌለው አንገቷን ያሳክካታል። ታትሞ የሚሸጠው ርካሽ ቀሚስ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ግን ላብ አይመጥም፣ ፀሐይ ሲወጣ ያፍናል። የጥጡ ዋጋው ከበድ ቢልም አንድ ቁጥር አስበልጣችሁ ብትገዙ ለሁለት ዓመት ይሆናል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ከሥሩ ግን ሹራብ አልብሱ፣ የጥር ጠዋት አያዝንም። ጠበሉ ሲረጭ መበስበሷ ስለማይቀር ቅያሪ ልብስ ያዙ።

ምግብ ከቤት ይሁን። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ሜዳው ላይ የሚሸጠውን ቆሎ፣ በተለይ ለውዝ ያለበትን፣ ለትንሽ ልጅ አትስጡ፤ በጩኸትና በግፊያ መሃል ቢያንቃት ቶሎ ላታዩ ትችላላችሁ።

ትራንስፖርት ላይ በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች፣ ራይድም ፈረስም፣ ያው ናቸው፣ መንገድ ከተዘጋ ሁለቱም አይደርሱም። አራት ኪሎ ወርዳችሁ በእግር ወደ ስድስት ኪሎ ውጡ። ስትመለሱም ከሜዳው ራቅ ሳትሉ መኪና አትጥሩ።

ስልክ ቁጥራችሁን ደግሞ ቀሚሷ ላይ ከውስጥ በኩል በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉ። እጇ ላይ የጻፍነው ጠበል ሲነካው ለቋል።