ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፦ በፉከራችን ውስጥ የተደበቁ ፈረንጆች

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፉከራና ቀረርቶ ስሰማ «ሰናድር»፣ «ውጅግራ»፣ «ምንሽር»፣ «አልቢን» የሚሉ ስሞች ደጋግመው ይመጣሉ። የጠመንጃ ዓይነቶች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ስሞቹ ከየት እንደመጡ ግን አይገባኝም። አንድ ወዳጄ ውጅግራ የተባለው በግራ ትከሻ ስለሚነገት ነው ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ። አላሳመነኝም። የምታውቁ ካላችሁ አንዱንም ቢሆን ፍቱልኝ።

መልስ፦

ወዳጅህ ጥሩ ተጫውቷል እንጂ ከትከሻ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ግራ የሰው ስም ነው። ባዚል ግራ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1836 ተወልዶ በ1901 ሞተ (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የፈረንሳይ ጦር ይይዘው የነበረው ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ የወረቀት ቀለህ ነበር የሚጎርሰው። ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይገባዋል፣ ይቀደዳል። ግራ ያንኑ ጠመንጃ የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ አስተካከለውና በ1874 የሠራዊቱ መሣሪያ ሆነ። ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፉዚ» ስለሚሉት «ፉዚ ግራ» ተባለ። ከባሕር ወደ ደጋ ሲወጣ የእኛ አፍ ውጅግራ አደረገው።

ይህ ሁሉ ውጅግራ አገራችን እንዴት ገባ ብትል ምክንያቱ የፈረንሳይ ችኮላ ነው። በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ ግራ በአንድ ጊዜ ያረጀ ዕቃ ሆነ። መጋዘን ሙሉ መሣሪያ ለነጋዴ ተለቀቀ፤ ነጋዴውም በኦቦክና በታጁራ በኩል በግመል ጭኖ ወደ ሸዋ አወጣው።

በዚያው መንገድ ከሄዱት አንዱ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ግጥም ከተወ ቆይቶ ነበር። ከታጁራ በ1886 ጥቅምት አካባቢ ተነሥቶ በበረሃው አቋርጦ በ1887 የካቲት አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ እዚያ የሉም፣ እንጦጦ ናቸው። ይዞት የመጣው ከሁለት ሺህ በላይ ጠመንጃ ውጅግራ እንኳ አልነበረም፤ ከአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ከዚያም የባሰ አሮጌ ዕቃ ነው። ምኒልክ ዋጋውን አውርደው ገዙት፤ ገንዘቡንም ሐረር ሄደህ ከገዥው ከመኰንን ተቀበል አሉት። በዚያ ላይ የሞተው ሸሪኩ የላባቱ አበዳሪዎች ከየአቅጣጫው መጡበት። ራምቦ ለቤተሰቦቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለዚህ ንግድ የሚያወራው በምሬት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ዳኘው ምኒልክ ስለ ጠመንጃ ከእሱ የተሻለ ያውቁ ነበር።

ሰናድር ግን የበለጠ የሚያሳዝን ታሪክ አለው።

ጄኮብ ስናይደር ወታደር አልነበረም። በአሜሪካ የፊላደልፊያ ከተማ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። እንግሊዞች ያን ጊዜ ኤንፊልድ የተባለ፣ ከአፈሙዙ ባሩድ ተጠቅጥቆ ጥይት የሚገባበት ጠመንጃ በብዙ መቶ ሺህ ነበራቸው። ፕሩሺያዎች በ1864 ዴንማርክን፣ በ1866 ኦስትሪያን የወጉት ከኋላ በሚጎርስ ጠመንጃ ስለነበር ለንደን ደነገጠች። ያን ሁሉ ጠመንጃ ጥሎ አዲስ ማሠራት ውድ ነው። ስናይደር ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ከኋላ በኩል ያለውን የብረቱን ቁራጭ ቆርጦ በምትኩ ወደ ቀኝ የሚከፈት መዝጊያ መግጠም። ተኳሹ መዝጊያውን ወደ ጎን ገልብጦ ወደ ኋላ ሲስበው ባዶው ቀለህ ከጉሮሮው ይላቀቃል፤ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ ያራግፈዋል፤ አዲሱን አጉርሶ ይዘጋል። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ብቻ ይተኩስ የነበረው ወታደር አሥር ያህል መተኮስ ቻለ።

የእንግሊዝ መንግሥት ሐሳቡን ወሰደ፣ ጠመንጃዎቹንም ለወጠ። ክፍያው ላይ ግን ክርክር ተነሣ። ስናይደር ደጅ ሲጠና፣ ዕዳ ሲቆለልበት፣ ጤናው ሲታወክ ቆይቶ በዚያው በ1866 ለንደን ውስጥ ሞተ። ገንዘቡን ሳያይ።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጠመንጃው ወደ እኛ መጣ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ስቅለት ዕለት ነው፣ መቅደላ ሥር እሮጌ ሜዳ ላይ። ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ሠራዊት ሁሉ ሰናድር አልያዘም፤ ከሕንድ የመጡት ብዙዎቹ አሮጌውን ነበር የያዙት። የንጉሡ ክፍለ ጦር የሚባለው የእንግሊዝ 4ኛ ሬጅመንት ግን ይዟል። ፊታውራሪ ገብርዬ ሰዎቹን ይዞ ከአምባው ሲወርድ ጠላት አንዴ ከተኮሰ በኋላ ባሩድ እስኪጠቀጥቅ ፋታ ይሰጣል ብሎ ነበር፤ በዚያ ዘመን ውጊያው እንደዚያ ነበርና። ፋታው አልመጣም። ከእኛ ወገን የሞተው ሰባት መቶ ያህል ሲሆን ገብርዬም እዚያው ወደቀ። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው ሃያ ያህል፣ ከእነሱም የሞተው ሁለት ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ።

እንግዲህ ስሙ በእኛ ዘንድ የቀረው በዚህ ዓይነት ነው። ስናይደርን በገዛ አገሩ የሚያውቀው የጠመንጃ ሰብሳቢ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን ጎጃም ውስጥ የሚፎክር ገበሬ ስሙን ይጠራዋል።

ተጨማሪ፣ ከሌላ አባል፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ስለ «ጠመንጃ» ስለ ራሱ ልጨምር። ብዙ ሰው «ጠብ መንጃ» ብሎ ይተነትነዋል፤ ጠብን የሚነዳ ማለት ነው ይላል። ጽሑፍ ላይም «ጠብመንጃ» የሚሉ አሉ። ለጆሮ ደስ ይላል፤ ግን መንጃ ፈቃድ የሚያስፈልገው ዓይነት መንጃ አይደለም። ቱርኮች ሽጉጥን «ታባንጃ» ይላሉ፤ ዓረቦች ከእነሱ ወስደው «ጠበንጃ» አሉት፤ በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ገባ። «ጠብ» የሚለውን ያገኘነው እኛ ነን፣ ከደረሰ በኋላ።

«ነፍጥ»ም ዓረብኛ ነው። መጀመሪያ «ናፍጥ» ማለት ከምድር የሚወጣው፣ የሚነደው ዘይት ነበር። በግብፅ ማምሉኮች ዘመን ቃሉ ወደ ባሩድና በባሩድ ወደሚተኮስ መሣሪያ ዞረ። ነፍጠኛ በመሠረቱ ነፍጥ ያዥ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሸከመውን ፖለቲካ እዚህ አንጎትተው ብዬ እለምናለሁ።

ሽጉጥ ግን ንጹሕ የእኛ ነው። ከመቀነት ሥር፣ ከብብት ውስጥ የሚሸጎጥ ስለሆነ ሽጉጥ ተባለ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መትረየስስ? እሱም የሰው ስም ይሆን?

መልስ፦

አይደለም። ፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» ነው። «ሚትራይ» በመድፍ አፍ ውስጥ ተጨምሮ እንደ ቆሎ የሚበተን ብረታ ብረት ማለት ነው። ፈረንሳዮች ከ1870 በፊት ይህን መሣሪያ በምሥጢር ሠሩ። ምሥጢሩ በጣም ከመጠበቁ የተነሣ ብዙው መኮንን አጠቃቀሙን ሳይማር ከፕሩሺያ ጋር ጦርነት ተጀመረ። እንደ መድፍ ቆጥረው ከሩቅ አቆሙት፤ የጀርመን መድፍ ከእሱ የበለጠ ርቀት ስለሚደርስ እየለቀመ ሰበረው። መሣሪያው ቢከሽፍም ስሙ ቀረ፤ በኋላ የመጡትን ማክሲምንም ሆችኪስንም ፈረንሳዩ በዚያው ጠራቸው፣ እኛም መትረየስ አልን።

ስለ ፈረንጆቹ ካነሣን ከግብፅ ጋር የተደረጉትን የጉንደትንና የጉራዕን ጦርነቶች መዝለል አይቻልም። በ1868 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጉንደት የወደቀው የግብፅ ጦር አዛዥ ዴንማርካዊ ነበር። ሶረን አሬንድሩፕ ይባላል። ግብፅ የሄደው ሳንባውን ታሞ፣ ደረቅ አየር ፍለጋ ነው፤ እዚያው የግብፅ ገዥ የከዲቭ እስማኤል መኮንን ሆነ፤ መጨረሻው በአፄ ዮሐንስ ጦር እጅ መሞት ሆነ። የካቲት መጨረሻ ላይ ግብፆች በጉራዕ ለበቀል ሲመጡ ከዋና አዛዡ ከራቲብ ፓሻ ቀጥሎ የጦሩ አለቃ የነበረው አሜሪካዊው ዊልያም ሎሪንግ ነው። አንድ እጁን በ1847 ሜክሲኮ ላይ አጥቷል፤ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በደቡቦች በኩል ጄኔራል ነበር። አብሮት የነበረው ዊልያም ዳይ ደግሞ በሰሜኖች በኩል የተዋጋ ነው። አገራቸው ውስጥ ሲገዳደሉ የነበሩ ሰዎች በሦስተኛ አገር ደመወዝ አንድ ድንኳን ሥር! ጦሩ ተሸነፈ። ወታደሩ ይዞት የነበረው አሜሪካ የተሠራው ሬሚንግተን በሺህ የሚቆጠረው በዮሐንስ ሰዎች እጅ ቀረ።

ሌላ አባል፦

ምንሽር ሳይፈታ እንዳይቀር። ፈርዲናንድ ማንሊኸር ኦስትሪያዊ ነው፤ ሙያው የባቡር መሐንዲስነት ነበር። አገሩ በ1866 በፕሩሺያ ስትሸነፍ ተቆጭቶ ወደ ጠመንጃ ሥራ ገባ፤ ሌሎች የሠሩትን ለማየት በ1876 ወደ ዓለም ዐውደ ርዕይ ሄደ። የት? ፊላደልፊያ! የስናይደር ከተማ። የማንሊኸር ፈጠራ ጥይቶቹን በአንድ ማቀፊያ አስሮ በአንዴ ወደ ካዝና ማስገባት ነው። በፈረንሳይኛ አነባበብ «ማንሊሼር» ስትለው ምንሽር ሩቅ አይሆንብህም።

ከላይ የተነሣው የ1886ቱ ጭስ አልባ ጠመንጃ ደግሞ የእኛ ሰው «ለበን» የሚለው ነው። ኮሎኔል ኒኮላ ለበል በሥራው የነበረው ድርሻ ጥይቷ ላይ ብቻ ስለነበር ጠመንጃው ሁሉ በስሙ መጠራቱን ራሱ ተቃውሞ ነበር። ባሩዱን የሠራው ፖል ቪዬይ ነው፤ የእሱን ስም ማንም አልፎከረበትም።

ጠያቂው፦

አልቢን ብቻ ቀረ።

መልስ፦

አውጉስቶ አልቢኒ፣ የጣሊያን የባሕር ኃይል መኮንን። ጣሊያን እግረኛ ጦሯን ስታስታጥቅ እሱን ትታ የስዊሱን የቬተርሊን ጠመንጃ መረጠች፤ አድዋ ላይም ብዙው ወታደሯ የያዘው ያንኑ ቬተርሊ ነበር፣ ከመጋዘን ያረጀው ጥይት ይለቅ ተብሎ። የአልቢኒን ጠመንጃ በ1867 የተቀበለችው ቤልጅየም ነች። ስለዚህ የጣሊያን መኮንን የፈጠረው፣ ቤልጅጎች የያዙት ጠመንጃ ስሙ በአማርኛ ፉከራ ውስጥ ገባ። ወዳጅህን ስታገኘው ደግሞ «አልቢን» ከየትኛው ትከሻ እንደመጣ ጠይቀው።