ለቅዳሜ የከሰል ጥብስ ግብዣ ሰላጣውን አርብ ማታ ብሠራው ያድራል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 15 ሰው ጋብዘናል፤ ጓሮ ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን ሥጋና ዶሮ ልንጠብስ ነው። ከሰሉን ባለቤቴ ይይዛል፣ ሰላጣው የኔ ድርሻ ነው። ሁለቱ እንግዶች ሥጋ አይበሉም፣ ልጆችም አሉ። ሰው ሲጫወት እኔ ኩሽና ቆሜ ስከትፍ መዋል አልፈልግም። ሰላጣዎቹን አርብ ማታ ሠርቼ ባሳድራቸው ይበላሻሉ? በዚህ ሙቀትስ ውጭ ምን ያህል ይቆያሉ? ቀላል ነገር ካላችሁ ከነመጠኑ ጻፉልኝ።

መልስ 1
እህቴ፣ እንደ ሰላጣው ነው። ጥቅል ጎመን፣ ድንችና ቦሎቄ ሲያድሩ እንዲያውም ይጣፍጣሉ። ቲማቲምና የሰላጣ ቅጠል ግን የዕለቱ ዕለት ነው የሚሠሩት።

ጥቅል ጎመኑን እንዲህ አድርጊው። 1 ኪሎ ያህሉን በስሱ ከትፈሽ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ነስንሺበትና በእጅሽ እሺው፤ ከዚያ ወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ውሃውን ይለቃል። ቅመሺው፤ ጨው ከበዛ አለቅልቂውና በደንብ ጭመቂው። ይሄን ከዘለልሽ ጠዋት ሳህኑ ሥር ውሃ አቁሮ ታገኚዋለሽ። ከዚያ 2 ካሮት ፈቅፍቀሽ፣ ግማሽ ኩባያ ማዮኔዝ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሆምጣጤና ትንሽ ስኳር ጨምረሽ ለውሺው፣ ከድነሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

መልስ 2
ስለ ድንቹ እኔ ልጨምር። 2 ኪሎ ለ15 ሰው ይበቃል፣ ሌላም ሰላጣ ስላለ። ድንቹን በፈላ ውሃ ላይ አትጨምሪው፤ ጨው ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ጣጂው። አለበለዚያ ውስጡ ሳይበስል ዳሩ ይፈርሳል። ሲበስል ልጠሽ ከቆራረጥሽ በኋላ ገና ትኩስ እያለ ሆምጣጤና ጨው ርጪበት። ትኩስ ድንች ይመጠዋል፣ የቀዘቀዘ ድንች ላይ ግን ጣዕሙ ከላይ ብቻ ይቀራል። ማዮኔዙ ሲቀዘቅዝ ይግባ።

መልስ 3
እኔ ሁሉንም በማዮኔዝ መሥራቱን አልደግፍም፤ ከጥብስ ጋር ሲሆን ይከብዳል። ቢያንስ አንዱ በዘይትና በሆምጣጤ ይሁን፦ 3 እጅ የወይራ ዘይት፣ 1 እጅ ሆምጣጤ ወይም ሎሚ፣ ትንሽ ሰናፍጭ፣ ጨው። ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ በደንብ ናጪው። የተቀቀለ ቦሎቄ ከቀይ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በዚህ ቢለወስ ሥጋ ለማይበሉት ሁለት እንግዶችሽ ራሱን የቻለ ምግብ ነው። ቅጠሉን ግን አጥበሽ፣ በጨርቅ አድርቀሽ ብቻውን አስቀምጪው፤ ማጣፈጫው የሚፈስበት ሰው ማዕድ ሲቀርብ ነው።

ስለ ሙቀቱ፦ ሰላጣ ከፍሪጅ ወጥቶ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ሁሉንም በአንዴ አታውጪው። ግማሹን አቅርቢ፣ ሳህኑን በረዶ የሞላበት ሰፋ ያለ ሳህን ውስጥ አስቀምጪው፤ ሲያልቅ የቀረውን በንጹሕ ሳህን ታመጫለሽ።

መልስ 4
ለባለቤትሽ ይሄን ንገሪልኝ። ነበልባል ላይ ሥጋ አይጣድም። ከሰሉ ተቀጣጥሎ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። ከዚያ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ይሰብስበውና ሌላውን ጎን ባዶ ይተወው። ዶሮው ፍሙ ላይ ቡናማ መልክ ካወጣ በኋላ ወደ ባዶው ጎን ተዛውሮ፣ ተከድኖ ቀስ ብሎ ይብሰል። ዶሮ ከላይ አርሮ አጥንቱ ጋ ጥሬ የሚሆነው ሁሉም ፍም ላይ ሲያልቅ ነው። ቴርሞሜትር ካላችሁ ዶሮው መሐሉ 74 ዲግሪ፣ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ይድረስ፤ በተለይ ለልጆቹ።

ሥጋ ለማይበሉት ሰዎች የሚሆነው አትክልት ሥጋው ከመጣዱ በፊት ይጠበስ። ጥሬ ሥጋ የነበረበት ሳህን ላይ የበሰለውን አትመልሱ፤ ሥጋው ተዘፍዝፎ ያደረበትንም ማባያ አታድርጉት። ዝናብ ቢመጣ ደግሞ ምድጃውን ወደ ቤትም ሆነ ወደ ጋራዥ እንዳታስገቡ፣ በር ተከፍቶም ቢሆን። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ጎመኑን፣ ድንቹንና ቦሎቄውን አርብ እጨርሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ልጆቹ ፓስታ ሰላጣ ይወዳሉ፤ እኔ ስሠራው ግን ሲያድር ይደርቅብኛል።

መልስ 2
ፓስታ ሲያድር ማጣፈጫውን ይጠጣዋል። ቀቅለሽ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው፣ በጥቂት ዘይት ለውሰሽ አሳድሪው። ከማጣፈጫው አንድ ሦስተኛውን ለብቻው አስቀሪና ልታቀርቢ ስትይ ጨምረሽ አገላብጪው። ኪያርና ቲማቲሙም ያኔ ነው የሚገቡት።