ኬሞና ጨረር ጨርሼ ለእረፍት ወጣ ማለት እፈልጋለሁ፤ የት ይሻለኛል?

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጡት ካንሰር ነበረብኝ፤ ቀዶ ጥገናውን፣ ኬሞውን፣ በመጨረሻም ጨረሩን እግዚአብሔር ይመስገን ጨርሻለሁ። አሁን ታሞክሲፌን (ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠውን ኪኒን) በየቀኑ እወስዳለሁ። ከብብቴ ስር የሊምፍ ዕጢዎች በቀዶ ጥገና ስለወጡልኝ ቀኝ እጄ አንዳንዴ ያብጣል።
ቤቴ ጠያቂ ተለይቶት አያውቅም። እንጀራ ይዞ የሚመጣው፣ ፀበል የሚያመጣው፣ «ከሳሽ እኮ» ብሎ እንባውን ጠርጎ የሚወጣው... ሁሉም በፍቅር ነው፤ ግን ደከመኝ። ከእህቴ ጋር ለሳምንት ያህል ማንም የማያውቀኝ አገር ሄጄ ውሃ ዳር ቁጭ ማለት ነው የምፈልገው። እህቴ ዛንዚባር ትላለች፤ አክስቴ ደግሞ ኢየሩሳሌም ካልሄድሽ ብላ ይዛኛለች። በረራው ይጎዳኝ ይሆን? ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ) የለኝም፣ ክትባቱን ልውሰድ? መድኃኒቱስ ኤርፖርት ላይ ያስቸግራል?

ሲስተር ነኝ፦
እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ። ከቢጫ ካርዱ ልጀምር፣ ምክንያቱም አገር ከመምረጥሽ በፊት እሱ ነው መታወቅ ያለበት። የቢጫ ወባ ክትባት የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ያለበት ነው። ኬሞ ካበቃ ቢያንስ 3 ወር ሳይሞላ አይሰጥም፤ ከሞላም በኋላ ሐኪምሽ የደም ውጤትሽን አይቶ ይሁን ሳይልሽ እንዳትወጊ። ክትባት ሰጪው ኬሞ መውሰድሽን ካልነገርሽው አያውቅም።
እኛ በሽታው ያሰጋቸዋል ከሚባሉት አገሮች ስለሆንን ታንዛኒያም ኬንያም ሩዋንዳም ሲሸልስም ካርዱን ይጠይቁናል። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ድሮ ለሥልጠናም ለሥራም ወጥተሽ ከነበረ ግን አሮጌውን ካርድ ፈልጊ! ከ2016 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ አንዴ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱ ላይ 10 ዓመት ተብሎ ቢጻፍም እንኳ። ክትባቱ የማይሆንሽ ከሆነ ሐኪም ይህንኑ ጽፎና ፈርሞ ማኅተም ያደርግልሻል፤ የምትሄጂበት አገር የመቀበል ግዴታ ስለሌለበት ግን ትኬት ሳትቆርጪ ኤምባሲውን ጠይቂ።

ትኬት ቆራጭ ከካዛንቺስ፦
በረራውን በተመለከተ ብዙ ደንበኛ ይፈራል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚገኝ አየር ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ እንጦጦማ ይበልጣል። ስለዚህ ሰፈርሽ ውስጥ ስትራመጂ የማያፍንሽ ከሆነ አየሩ አዲስ አይሆንብሽም። ደም ማነስ ካለብሽ ግን መጀመሪያ ሐኪምሽን።
ዊልቸር ቀድመሽ አስመዝግቢ፣ አይከፈልበትም። አትፈሪ፣ አያሳፍርም፤ ቦሌ ላይ ሰልፉ ነው ሰው የሚያደክመው። ዛንዚባር በቀጥታ ሲሆን 3 ሰዓት አይሞላም፤ ሌላ ከተማ ነክቶ የሚሄድም አለና ስትቆርጪ ጠይቂ። ከጥቅምት 2024 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ ሰው 44 ዶላር የኢንሹራንስ ክፍያ ግዴታ ሆኗል። ያ ኢንሹራንስ ቀድሞ የነበረ ሕመምን ይሸፍናል ብለሽ አትተማመኚ፤ ሌላም ስትገዢ ሕመምሽን ሳትደብቂ ተናገሪ። ፓስፖርትሽ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ዶላሩን ከባንክ በፓስፖርትና በትኬት ግዢ፣ ከጥቁር ገበያ ጋር አትልፊ።

ያለፈችበት፦
እኔም ጡት ነበር፣ እኔም ታሞክሲፌን ላይ ነኝ። ሲስተር ያላነሳችው አንድ ነገር አለ፦ ታሞክሲፌን ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። ረጅም በረራ ላይ ተቀምጦ መቆየት ደግሞ ይብስበታል። የመተላለፊያው ዳር ወንበር ያዢ፣ ተነሥተሽ ተራመጂ፣ ውሃ ጠጪ። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ነገ አይባልም፣ በቶሎ ወደ ሐኪም ነው።
እጅሽን በተመለከተ፣ እንደ ስቶኪንግ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ እጅጌ አለ። በልክ መሆን አለበት፤ የእኔ የመጀመሪያው ጠቦኝ አንጓዬ ላይ ቀለበት ሠርቶ ጣቶቼን ዱባ አሳከላቸው። ሻንጣ በግራሽ ጎትቺ፤ ደም ግፊት ሲለኩሽም ግራሽን ስጫቸው።
ከጠየቅሽኝ ግን ዛንዚባርን ለሌላ ጊዜ። ሙቀቱ እጅ ያሳብጣል፣ ወባም አለ፤ የወባ መከላከያውም ከታሞክሲፌን ጋር የሚስማማ መሆኑ መታየት አለበት። የኬንያዋን ናይቫሻን አየሽ? ከናይሮቢ በመኪና 2 ሰዓት ገደማ፣ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ፣ አየሩ ቢሾፍቱን ይመስላል። ሐይቅ አለ፣ ጉማሬ አለ፣ ጠያቂ የለም። ለእኛ ቪዛም አይጠየቅም።

ጋሽ አጥናፉ፦
ልጄ፣ እግዜር ምሕረቱን ጨርሶ ያምጣልሽ። ኢየሩሳሌምን እኔ ለትንሣኤ ተሳልሜአታለሁ። ገዳማችን ዴር ሱልጣን ለመድረስ የድንጋይ ደረጃ ነው፣ ሌሊቱን ቆሞ ማደር ነው፣ ግፊያው አይጣል ነው። ጉዞው ለበረከት እንጂ ለእረፍት አይሆንም። አክስትሽን «ጉልበቴ ሲመለስ አብረን» በያት፤ እምቢ አትልም።

የአራት ኪሎዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንደነገሩኝ አልኳት፤ «እንግዲያው ለሚቀጥለው ትንሣኤ» ብላ አሁኑኑ መቆጠብ ጀምራለች 😄። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው፤ የክትባቱን ነገር እዚያው እጠይቃለሁ። ሲስተር፣ መድኃኒቱን አልመለስሽልኝም። ሆቴሉ ዋና ካለው መዋኘትስ?

ሲስተር ነኝ፦
ይቅርታ ዘልዬው ነው። መድኃኒቱ ከነካርቶኑ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን፤ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። ከምትቆዪበት ቀን የሚተርፍ ያዢ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት የሐኪም ደብዳቤም አስከትዪ። ጸጉርሽ የፓስፖርቱን ፎቶ ካልመሰለ ለእሱም ይጠቅምሻል።
መዋኘቱን በተመለከተ፦ ጨረር ያረፈበት ቆዳ ተልጦ ወይም ቆስሎ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይድን ክሎሪን ውስጥ አትግቢ። ከዳነም በኋላ ወጥተሽ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ተለቅለቂ። ሳውናና ፍል ውሃ ይቅርብሽ፣ እጅሽን ያሳብጠዋል። ያን ቦታ ፀሐይ እንዳያገኘው በልብስ ሸፍኚው፤ ቅባት ብቻውን አይበቃም። ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ደግሞ ሆቴል ተኝተሽ እስኪወርድ አትጠብቂ።